በቅናሽ የሚገዛ ምቾትና የኅሊና ጥያቄ

ሰው ስለ ገንዘቡ የሚያደርጋቸው ውሳኔዎች በአብዛኛው ጥቃቅን ይመስላሉ። ይህን ልግዛ ወይስ ያንን? ዛሬ ይሁን ወይስ ነገ? በዚህ ዋጋ ይሻላል ወይስ በዚያ? ሆኖም እያንዳንዱ ግዢ በውስጡ አንድ ፍርድ ይዟል፤ ይኸውም ምን እንደሚገባን፣ ምን እንደሚበቃን፣ ከጎናችን ላለውም ሰው ምን ያህል ቦታ እንደምንተውለት የምንሰጠው ፍርድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ጥቃቅን ከሚመስሉ ውሳኔዎች አንዱን ለመመርመር እንወዳለን። ጉዳዩ የአየር መንገዶችን «ማይል» በቅናሽ ገዝቶ፣ በዚያው ማይል በቢዝነስ ክላስ ወይም በአንደኛ ማዕረግ መጓዝ ነው።

«ይህ የባለጠጎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በየቁምስናችን ልጁ ወይም እኅቱ በባሕር ማዶ የምትኖር ስንቱ ነው! ለእነዚህ ቤተሰቦች የመሄጃና የመምጫው ቲኬት በዓመቱ ውስጥ ከሚያወጧቸው ወጪዎች ሁሉ ትልቁ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በጉዳዩ ውስጥ የተሸሸገው ጥያቄ በአውሮፕላን ብቻ የሚወሰን አይደለም። ጥያቄው «አንድ ነገር ዋጋው ስለ ቀነሰ ብቻ መግዛቱ ተገቢ ይሆናልን?» የሚል ነው። ይህም በአየር ማረፊያም፣ በመርካቶም፣ በመንደራችን ሱቅም የሚያጋጥመን ጥያቄ ነው።

የነገሩ አመጣጥ

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ በግልጽ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ የአገር ውስጥ በረራዎችን ዋጋና መሥመር የሚቈጣጠረው መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ አየር መንገዶች በዋጋ መፎካከር ጀመሩ፤ ደንበኛን ይዞ ማቆየትም አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህም በ1981 ዓ.ም. አሜሪካን አየር መንገድ «አድቫንቴጅ» የተባለውን መርሐ ግብር አቋቋመ፤ ዩናይትድም በጥቂት ቀናት ልዩነት «ማይሌጅ ፕላስ» የተባለውን የራሱን አስከተለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ተጓዡ በበረረው ርቀት ልክ ማይል ይመዘገብለታል፤ የተመዘገበው ማይል ሲበረክትም የቲኬት ዋጋ ሳይከፍል ወይም በተሻለ ማዕረግ ይጓዛል።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ማይል ከርቀት መለኪያነት ወጥቶ እንደ ገንዘብ ሆነ። አየር መንገዶች ማይሉን ለባንኮች በጅምላ መሸጥ ጀመሩ፤ ባንኮችም በክሬዲት ካርድ ዕቃ ለሚገዛ ደንበኛቸው በስጦታ መልክ ያድሉታል። የዚህ ንግድ ስፋት በግልጽ የታየው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነበር። አውሮፕላኖች በቆሙበት በ2020 ዓ.ም. ዩናይትድ የማይል መርሐ ግብሩን በመያዣነት ሰጥቶ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። በዚያው ዓመት ዴልታ 9 ቢሊዮን፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካን አየር መንገድ 10 ቢሊዮን ዶላር በተመሳሳይ መንገድ አገኙ። አበዳሪዎቹ ከቆመው አውሮፕላን ይልቅ የሚሸጠውን ማይል አመኑ ማለት ነው።

ማይሉ ለባንክ ብቻ ሳይሆን ለግለሰብም በቀጥታ ይሸጣል። በመደበኛው ጊዜ ዋጋው ውድ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን አየር መንገዱ «ለገዛችሁት ማይል ያንኑ ያህል እንጨምርላችኋለን» እያለ ያውጃል። የኮሎምቢያው አቪያንካ «ላይፍማይልስ» የተባለው መርሐ ግብር በእንዲህ ያለው ሽያጭ የታወቀ ነው። አቪያንካም፣ ዩናይትድም፣ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ስታር አላያንስ» የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ስለ ሆኑ፣ ከአንዱ የተገዛው ማይል በሌላው አውሮፕላን ላይ መቀመጫ ሊያስገኝ ይችላል። እንግዲህ በቦጎታ አየር መንገድ መዝገብ ላይ የተገዛ ማይል አንድን ሰው ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ «ክላውድ ናይን» በሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቢዝነስ ክላስ ክፍል አስተኝቶ ሊያደርሰው ይችላል።

አየር መንገዱ ይህን የሚያደርገው ከቸርነት የተነሣ አይደለም። መቀመጫ የአውሮፕላኑ በር ከተዘጋ በኋላ ዋጋ የለውም፤ ለነገ አይቀመጥም፣ ለሌላ ገበያ አይወጣም። በሌላ በኩል ገንዘቡን የሚቀበለው ማይሉን በሸጠበት ዕለት ሲሆን፣ መቀመጫውን የሚሰጠው ግን ከወራት በኋላ፣ ያውም ትርፍ ቦታ ሲኖረው ነው። ከሸጠውም ማይል የተወሰነው ሳይሠራበት ይቀራል።

ሻጩ ተበድሏልን?

የሥነ ምግባር ጥያቄ በንግድ ላይ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «በዚህ ግብይት የተበደለ ሰው አለን?» የሚለው ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ውስጥ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት በጻፈው ክፍል፣ ዕቃን ከሚገባው ዋጋ በላይ መሸጥ በደል እንደ ሆነ ሁሉ ገዢም ሻጭን ሊበድል እንደሚችል አስተምሯል። ለምሳሌ ሻጩ ወርቁን ናስ መስሎት በናስ ዋጋ ቢሸጥና ገዢው እውነቱን እያወቀ ዝም ብሎ ቢገዛ፣ ገዢው በደለኛ ነው፤ የወሰደውንም ትርፍ የመመለስ ግዴታ አለበት።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ ከአየር መንገዱ በይፋ በታወጀ ቅናሽ ማይል መግዛት ሻጩን አይበድልም። ሻጩ የሚሸጠውን ያውቃል፤ ዋጋውን ያወጣው ራሱ ነው፤ ትርፉንም ያሰላው አስቀድሞ ነው። የወርቁና የናሱ ምሳሌ የሚሠራው በሌላ ሁኔታ ላይ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ስሕተት የብዙ ሺህ ዶላር ቲኬት በጥቂት ዶላር ሲወጣና ሰዎች ስሕተት መሆኑን እያወቁ ሲሻሙበት ነው። ይህና ያ በአንድነት «በርካሽ መብረር» ቢባሉም በኅሊና ፊት አንድ አይደሉም።

እንዲያውም በዚህ ግብይት ውስጥ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ገዢው ነው። ማይል የሚታተመው በሻጩ እጅ ነው፤ ዋጋውንም የሚለውጠው እርሱ ነው። ዴልታ በ2015 ዓ.ም. ለየትኛው ጉዞ ስንት ማይል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከነጭራሹ አንሥቶታል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከኖርዝዌስት አየር መንገድ የማይል መርሐ ግብር የተሰረዘ አንድ አባል «ድርጅቱ ሥልጣኑን በቅን ልቡና አልተጠቀመበትም» ብሎ ያቀረበውን ክስ፣ በ1978ቱ ሕግ ምክንያት ሊቀርብ አይችልም ሲል ወስኗል። ስለሆነም ማይልን እንደ ጥሪት የሚያከማች ሰው ሀብቱን ያኖረው ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ በሚገኝ ጎተራ ውስጥ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ደላላ ሲገባበት

ከአየር መንገዱ በቀጥታ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ከደላላ መግዛት ግን ሌላ ነው። በካርድና በሥራ ጉዞ ብዙ ማይል ያጠራቀሙ ሰዎች ለደላላ ይሸጣሉ፤ ደላላውም በዚያ ማይል ለማያውቀው ተጓዥ ቲኬት ያስቈርጣል። የአየር መንገዶቹ ደንብ በአጠቃላይ ይህን ይከለክላል። ማይሉ ለዘመድ ወይም ለወዳጅ በስጦታ ሊሰጥ እንደሚችል ይፈቅዳሉ እንጂ እንዲሸጥ አይፈቅዱም። ከዚህ የተነሣ ተጓዡ ቢጠየቅ «ማይሉን የሰጠኝ ወዳጄ ነው» ብሎ እንዲመልስ ይመከራል።

እዚህ ላይ የዋጋው ጉዳይ ያበቃና የእውነት ጉዳይ ይጀምራል። «ደንቡ ራሱ ለድርጅቱ ያደላ ነው» የሚል ሰው ምናልባት እውነት አለው። ሆኖም ያልተስማማንበትን ደንብ በግልጽ መቃወም ወይም ከመርሐ ግብሩ መውጣት እንችላለን፤ በደንቡ ገብተን በሐሰት መውጣት ግን ሌላ ነው። ምቹ መቀመጫ ለማግኘት የማያውቁትን ሰው «ወዳጄ» ማለት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የመቀመጫው እውነተኛ ዋጋ በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው በላይ ነው። በዚህም ላይ ቲኬቱ ተሰርዞ በመንገድ የሚቀረው ደላላው ሳይሆን ተጓዡ ነው።

የሚከፍለው ማን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ በግብይቱ ውስጥ ያልተገኘውን ሦስተኛ ሰው የሚመለከት ነው። በነፃ የተገኘ የሚመስል ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከፋይ አለው።

በቦስተን የሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ነጋዴዎች ለካርድ ክፍያ የሚቈረጥባቸውን ገንዘብ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምሩታል፤ የተጨመረውን ዋጋ ደግሞ በካርድም በጥሬ ገንዘብም የሚገዛው ሰው እኩል ይከፍላል፤ ስጦታውን የሚያገኘው ግን ባለ ካርዱ ብቻ ነው። በጥናቱ ስሌት መሠረት በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ሲያስተላልፍ፣ ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ 1,133 ዶላር ይቀበላል። ጥሬ ገንዘብ የሚጠቀሙት ደግሞ በብዛት ድኾቹ ናቸው። እንግዲህ በካርድ በተገኘ ማይል ፊት ለፊት የተቀመጠው ተጓዥ ከቲኬቱ ዋጋ ጥቂቱን የከፈለለት፣ ምናልባት በሕይወቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው።

በሥራ ጉዞ የሚገኝ ማይልም የራሱ ጥያቄ አለው። በ2002 ዓ.ም. በጀርመን አንዳንድ ፖለቲከኞች በመንግሥት ገንዘብ በተደረገ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለግል ጉዞ መጠቀማቸው በታወቀ ጊዜ ታላቅ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር፤ ግሬጎር ጊዚም በዚህ ምክንያት ከበርሊን ከተማ የኢኮኖሚ ሹመታቸው በፈቃዳቸው ለቀዋል። በአሜሪካ ግን በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ማይል ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ፈቅዷል። አንድ ዓይነት ድርጊት በአንዱ አገር ከሥልጣን ሲያስለቅቅ በሌላው አገር በሕግ ተፈቀደ። ይህም ሕግ የፈቀደው ሁሉ የኅሊናን ጥያቄ እንደማይዘጋ ያስረዳናል።

በዚህ በኩል ከተመለከትነው ማይልን በራሱ ገንዘብ፣ በግልጽ ዋጋ የሚገዛው ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ነው። ከድኻው ኪስ የወሰደው የለም፤ ከመሥሪያ ቤቱም ያስቀረው የለም። ይህን በቅንነት ልንመሰክርለት ይገባል።

ይሁን እንጂ አንድ ሌላ ከፋይ ይቀራል፤ እርሱም የጋራ ቤታችን የሆነችው ምድር ናት። በዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ የቢዝነስ ክላስ ተጓዥ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በአየር ብክለት ላይ ያለው ድርሻ የኢኮኖሚ ክላስ ተጓዡን ሦስት እጥፍ ያህል፣ የአንደኛ ማዕረጉ ደግሞ እስከ ዘጠኝ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አመልክቷል። «መቀመጫው ባዶውን መብረሩ ላይቀር፣ እኔ ብቀመጥበት ምን ተጎዳ?» የሚለው መልስ ለአንድ በረራ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አየር መንገዱ ከማይል ሽያጭ የሚያገኘውን ገቢ ቈጥሮ ነው የአውሮፕላኑን ክፍል የሚያደላድለው። የብዙዎች «አንድ ጊዜ ብቻ» ሲደመር የነገውን አውሮፕላን ቅርጽ ይወስናል።

«ቈጠብሁ» ስንል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በቅናሽ ማይል የሚጓዙ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ቃል «ቈጠብሁ» የሚል ነው። ይህን ቃል በምሳሌ እንመርምረው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

በአንድ መሥመር የመሄጃ ቲኬት ዋጋ በኢኮኖሚ ክላስ 700 ዶላር፣ በቢዝነስ ክላስ 3,500 ዶላር ነው እንበል። የቢዝነሱ መቀመጫ በማይል ከተወሰደ 80,000 ማይል ይጠይቃል። የ1,000 ማይል መደበኛ ዋጋ 30 ዶላር ሲሆን፣ በቅናሹ ወቅት በእጥፍ ስለሚታደል በ30 ዶላር 2,000 ማይል ይገኛል። ስለዚህ መቀመጫው 1,200 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። ግብሩንና ልዩ ልዩውን ክፍያ ለጊዜው እንተወው።

ተጓዡ ምን ይላል? «የ3,500 ዶላሩን በ1,200 አገኘሁት፤ 2,300 ዶላር ቈጠብሁ» ይላል። ነገር ግን ይህ ሰው ቅናሽ ባይኖር ኖሮ 3,500 ዶላር ይከፍል ነበርን? አይከፍልም ነበር። በ700 ዶላሩ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። እንግዲህ እውነተኛው ሒሳብ 2,300 ዶላር መቈጠቡ ሳይሆን 500 ዶላር ጨምሮ ማውጣቱ ነው። በደርሶ መልስ 1,000 ዶላር ይሆናል። ፈጽሞ ሊከፍለው ካላሰበው ዋጋ ላይ የተቀነሰ ገንዘብ በእጁ የገባ ገንዘብ አይደለም። ቍጠባ ማለት በኪስ የቀረው ነው እንጂ በማስታወቂያው ላይ የተሰረዘው ቁጥር አይደለም።

ይህ የሒሳብ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣነው ነበር። ጉዳቱ ግን ወደ ኅሊና ይዘልቃል። አንድ ሰው «1,000 ዶላር ለምቾቴ ላወጣ ነው» ብሎ ቢያስብ፣ ከዚህ ገንዘብ ጋር የሚወዳደሩ ሌሎች ነገሮች ወዲያው ይታዩት ነበር፤ የታናሽ ወንድሙ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአክስቱ ሕክምና፣ ያልከፈለው ብድር፣ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ። «2,300 ዶላር ቈጠብሁ» ሲል ግን እነዚህ ሁሉ ይሰወሩበታል። ራሱን የሚያየው እንደሚያወጣ ሰው ሳይሆን እንደሚያተርፍ ሰው ነው፤ ከሚያተርፍ ሰው ደግሞ ማን ምን ይጠይቃል? በዚህ ዓይነት፣ ተኝቶ የመጣው ሰው በማግስቱ «ዘንድሮ እጅ አጥሮኛል» ሲል ሐሰት የተናገረ አይመስለውም። ቅናሹ ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ጥያቄውን ወስዶበታል።

ብልጠትና ጥበብ

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ የብልጠት ደስታ ነው። በ1999 ዓ.ም. አንድ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ፣ የአንድ ምግብ ፋብሪካ መለያ ወረቀቶችን ለሚሰበስብ ሰው ማይል እንደሚሰጥ ባየ ጊዜ ከ12,000 በላይ ትንንሽ የታሸጉ ጣፋጮች ገዛ። በ3,000 ዶላር ገደማ ወጪ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ማይል አገኘ። ጣፋጩን ሳልቬሽን አርሚ ለተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሰጠው፤ የማኅበሩ ሰዎችም ወረቀቱን በመላጥ ረዱት። በዚህ ታሪክ ማንም አልተታለለም፤ ምግቡም ለሰው ደረሰ።

ከዚህ ጋር ሌላውን እናነጻጽር። የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት የአንድ ዶላር ሳንቲሞች በሕዝብ መካከል እንዲዘዋወሩ ብሎ በ2008 ዓ.ም. ሳንቲሞቹን በራሳቸው ዋጋ፣ የማጓጓዣ ክፍያ ሳይጠይቅ እስከ ቤት መላክ ጀመረ። ብዙ ሰዎች በክሬዲት ካርድ በሺዎች የሚቈጠሩ ሳንቲሞች እያዘዙ፣ ከነሣጥናቸው ወደ ባንክ እየወሰዱ አስገቡ። ማይሉን ለራሳቸው አስቀሩ፤ ሳንቲሞቹ ግን አንድ ዳቦ እንኳ ሳይገዛባቸው ተመለሱ፤ የማጓጓዣውን ወጪ የቻለው መንግሥት ነበር። በ2011 ዓ.ም. በካርድ መግዛት ተከለከለ። ሕግ የጣሰ አልነበረም፤ ነገር ግን ለጋራ ጥቅም የተከፈተው በር በግል ጥቅም ምክንያት ጠበበ።

ሁለቱም ብልጠቶች ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው የሌላውን ዓላማ ሳያፈርስ የራሱን ማግኘቱ፣ ሁለተኛው ግን ዓላማውን ባዶ ማስቀረቱ ነው። ብልጠት «እንዴት ላግኘው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥበብ ግን «ካገኘሁት በኋላ ምን ይሆናል? ማንስ ይጎዳል?» ብላ ትጨምራለች።

ምቾት መፈለግ ጥፋት ነውን?

እስከዚህ ያነበበ ሰው «ታዲያ ሁላችንም ጉልበታችንን አጥፈን እንሂድ ማለት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አይደለም። ምቾት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዕረፍትም ለሰው የተገባ ነው። ፈላስፋው አርስጣጣሊስ መልካም ልክ ለሁሉ ሰው አንድ እንዳልሆነ ሲያስረዳ፣ ለታጋዩ ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪው እንደሚበዛ ተናግሯል። በጉዞም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ቅንጦት የሆነው ለሌላው ችግር የሚያቃልል ነው።

በዋሽንግተን የምትኖር አንዲት ሴት አርጅተው ጉልበታቸው የታመመባቸውን እናቷን ከ12 ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ለማምጣት ብታስብ፣ የሚዘረጋ መቀመጫ ለእርሳቸው ቅንጦት አይደለም። በሙሉ ዋጋው አቅሟ ስለማይፈቅድ በይፋ የታወጀውን ቅናሽ ጠብቃ ማይል ብትገዛላቸው፣ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት በሽተኛ፣ እንደ ደረሰ ወደ ከባድ ሥራ የሚገባ ሐኪም፣ አካል ጉዳተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ተመሳሳይ ምክንያት አላቸው። ከዚህም አልፎ፣ ግዴታዎቹን ሁሉ የተወጣ ሰው በሠርጉ ወይም በጡረታው ዓመት አንድ ጊዜ ተመቻችቶ ቢጓዝ የሚነቅፈው ሊኖር አይገባም። ደስታም ቦታ አለው።

ጥያቄ የሚነሣው ምክንያቱ ሌላ ሲሆን ነው። አንዳንዱ የሚገዛው ዕረፍቱን ሳይሆን መጋረጃውን ነው፤ ማለትም በፊትና በኋላ ተሳፋሪዎች መካከል የሚጋረደውን ጨርቅ። ከፊት ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ማየት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ያልሆነውን ባለጠጋ መምሰል ያስደስተዋል። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ማዕረጉ የመቀመጫው እንጂ የተቀማጩ አይደለም፤ ከአውሮፕላኑ ሲወርድም እዚያው ይቀራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በየቁምስናው ከጎልማሶችና ከወጣቶች ጋር ስለ ገንዘብ አጠቃቀም የምትወያዩ መምህራን ይህን ጉዳይ እንደ ምሳሌ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ቲኬት ለማይገዛውም ሰው ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በበዓል ገበያ፣ በልብስ ቅናሽ፣ በስልክ ግዢም ያው ፈተና ይመጣልና። ለውይይቱ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ቅናሽ ባይኖር ኖሮ ስንት አወጣ ነበር? ከዚያ በላይ የማወጣው ትርፍ ሳይሆን ወጪ ነው።

ሁለተኛ፤ ያገኘሁበትን መንገድ ለሻጩም፣ ለአሠሪዬም፣ ለቤተሰቤም በግልጽ መናገር እችላለሁን? መሸሸግ የሚያስፈልገኝ ከሆነ ዋጋው ገና አልተከፈለም።

ሦስተኛ፤ በዚህ ገንዘብ ላይ ከእኔ ምቾት የሚቀድም መብት ያለው ሰው አለን? ብድር፣ ደመወዝ፣ የወላጅ ጡር፣ የልጅ ትምህርት በቅናሽ አይታለፉም።

አራተኛ፤ የምፈልገው ዕረፍቱን ነው ወይስ ከሌሎች መለየቱን? ምቾቱን ለራሴ ከመውሰዴ በፊት ይበልጥ ለሚያስፈልገው፣ ለእናቴ፣ ለታማሚ ወንድሜ ልሰጠው እችላለሁን?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች በቅንነት መልሶ ማይሉን የሚገዛ ሰው በሰላም ይግዛ፤ በሰላምም ይተኛ። መልሱ አልጥም ብሎት በኢኮኖሚ ክላስ የሚጓዝም ሰው የቀረበት ነገር የጥቂት ሰዓት እንቅልፍ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ። በአየር ማረፊያው የሚጠብቋቸው ዘመዶችም «በየትኛው ማዕረግ መጣህ?» ብለው አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት «እንዴት ሰነበትህ?» ብለው ነው።